ባለ ላባው ሽማግሌ

«መንገዱ እንዴት ነበር ውብዬ? ከአሌክሳንድሪያ እስከዚህ ቤልትዌዩ አላንገላታሽም? … መንግሥት በበጀት ጭቅጭቅ ከተዘጋ ወዲህ እኮ መንገዱ የሁዳዴ ሥጋ ቤት መስሏል። ባሌ ክፍሉ ትናንት ከዳውንታውን እዚህ አስፐን ሂል ድረስ ማንንም ሳይሳደብ ገባ፤ ታመህ ነው ወይ አልኩት። አንቺም ፈርሎ ተብለሽ ቤት ከዋልሽ ወዲህ ፊትሽ ወዝ አግኝቷል፤ ምነው ሁልጊዜ በተዘጋ ያሰኛል። ግቢ፣ ጫማሽን ተዪው። ኧረ እዚያ አይደለም፣ ሶፋው ላይ እንግዶች አሉ። ትልቁ እንግዳ በስተግራ ያሉት ናቸው። አዎ… ላባ ያላቸው።»

ላባ ያላቸው እንግዳ ጭልፊት ነበሩ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አንቱ ስላለቻቸው እኛም አንቱ አልን እንጂ፣ ገና ዓመት ያልሞላት፣ የጅራቷ ቅላት እንኳ ያልወጣ ሴት ጭልፊት ናት። የቆመችው በንጉሡ ግራ እጅ ላይ፣ ክርኑ ድረስ በሚዘልቅ ወፍራም የቆዳ ጓንት ላይ ነው። ንጉሡ ጀርመንታውን የሚኖር የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው። የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይጠብቃል፤ መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ግን የሚጠብቀው ጭልፊት ነው። ለአደን የሚሆን ጭልፊት አዲስ ሲያዝ፣ ሰው እንዲለምድ በእጅ ተሸክመውት ቴሌቪዥን የሚጮህበት፣ ሳህን የሚንኳኳበት ቤት ውስጥ ሲቀመጡ መዋል የግድ ነው። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ከጓንቱ ላይ ሥጋ ሲበላ ጌታውን አመነ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ጌታው ድንገት ብድግ ማለት፣ መሳል፣ እጁን ማወራጨት አይችልም፤ ወፊቱ ከደነገጠች እግሯ በታሰረበት ጠፍር ቁልቁል ተንጠልጥላ ቤቱን በክንፏ ታተራምሰዋለች። ይቺኛዋ ከተያዘች ጀምሮ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም።

ንጉሡ ግን የመጣው ወፍ ለማላመድ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ኤፍራታ በስልኩ አጭር መልእክት ልካለት ነበር። «መልሴን አክስቴ ትነግርሃለች። ከሰዓት ሂድ» ይላል። ኤፍራታ ቀለበቱን ካሰረች ዘጠኝ ዓመት ያለፋት እጮኛው ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት አክስቷ የዓለምዘርፍ ናት። መልሱ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ላቀረበው ልመና ነው። «የዘንድሮው አደን እስኪያልቅ ታገሺኝ፣ ከዚያ የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን» ብሏት ነበር። ይወዳታል፤ ይሄን መካድ ኃጢአት ነው። መውደዱን ግን እንደ አዲስ ሱፍ ቁም ሣጥን ውስጥ አንጠልጥሎ ለሌላ ቀን ያስቀመጠ ሰው ነው።

«ምን ልስጥሽ፣ ሻይ ነው ለስላሳ? … እሳቸውማ አይቀምሱም። ከመጡ ጀምሮ ድርጭት ቀርቦላቸዋል፣ ጥሩ ሥጋ ነው፣ እሳቸው ግን ተኮሳትረው በመስኮት ያያሉ። ደግሞ አይቀመጡም። ታዲያ የኛ አገር ሽማግሌስ እንዲህ አይደል? ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ‹ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ እህል ውኃችሁንም አንቀምስም› ይል የለ? በሩን ስከፍት ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ ቡናማ ካባ ደርበው፣ ከላይ ወደ ታች ሲያዩኝ እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ። ዘጠኝ ዓመት ጠብቀን ዛሬ ሽማግሌ ተላከልን አልኩ። ሌሎቹ ሁለቱ ፓርኪንግ አጥተው እየዞሩ ይሆናል ብዬ በሩን ሳልዘጋ ቆየሁ… ብርድ ገባ እንጂ ሰው አልገባም።»

ውቢት የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። የምትሠራው አንድ የመንግሥት ሕንፃ ካፍቴሪያ ውስጥ ነው፤ የዓለምዘርፍን ሃያ ዓመት ስለምታውቃት ዛሬ ለምን በአስቸኳይ እንደተጠራች ቀስ እያለ እየገባት ነው። የዓለምዘርፍ ሰው ሰድባ አታውቅም። ይሄን ራሷ በየማኅበሩ በኩራት ትናገራለች፣ የሚቃወማትም ተገኝቶ አያውቅም። የምታመሰግነው ሰው ግን ከማመስገኗ ለመዳን ወራት ይፈጅበታል።

«አትሳቂ እንጂ ውብዬ፣ ሽማግሌ ፊት አይሳቅም። ክፍሉ ባለመኖሩ ነው የሚቆጨኝ። ለዚህ ቀን ብሎ ያሰፋው ሱፍ አለው እኮ። ሽማግሌ ቢመጣ በቁምጣ አያገኘኝም ብሎ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ክሊነርስ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ሲያሰፋው ሰፍቶት ነበር፤ ቀጥሎ ልክ ሆነው፤ አሁን ቁልፉና ቀዳዳው ሳይተያዩ ዓመት ሆናቸው። ሱፉ አረጀ፣ ክፍሉ አረጀ… ሽማግሌው ብቻ ወጣት ሆኖ መጣ።

«እኔ የምልሽ፣ በዚህ ዘመን ርኅሩኅ ወንድ አለ ቢሉሽ ታምኛለሽ? አለ። አንድ አውቃለሁ። ስሙን ተዪው፣ ስሙ ምን ያደርግልሻል። ይሄ ሰው በጭልፊት ጥንቸል ያድናል፣ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ። አትደነቂ፣ ፈቃድ አለው። ፈተና ተፈትኖ፣ ኢንስፔክተር መጥቶ የወፏን ቤት አይቶለት፣ ሁለት ዓመት አንድ ጺማም ፈረንጅ ሥር ተምሮ ነው። ለወፍ ይሄን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ሴት ለማጨት ግን ምንም አይጠይቁም። ሰው የሚዘናጋው ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

«የመጀመሪያዋን ጭልፊት ስምንት ዊንተር አብሯት አደነ። ልዕልት ነበር የሚላት። ልዕልት… እኔ በሠላሳ ዓመት ትዳር ‹ስሚ› ነው ስሜ። በየማለዳው በሚዛን ይመዝናታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት ውሸት ነው ውብዬ፤ እሱ በእጁ የያዘውን የሚቆጥረው በግራም ነው። ትንሽ ከቀነሰች ለመሥሪያ ቤቱ ‹አመመኝ› ብሎ ደውሎ ቤት ይውላል። አንዲት የማውቃት ልጅ በሐሳብ አልቃ ቀሚሷ ሲሰፋባት ደግሞ ‹ዳይት ጀመርሽ እንዴ? አምሮብሻል› አላት። አየሽ፣ ሌላው ወንድ እኮ ልብ አይልም።»

ንጉሡ አፉን ሊከፍት ሲል ጭልፊቷ አንገቷን መለስ አድርጋ አየችው። አፉን ዘጋ። እግሯ ላይ ያለው ትንሽ ቃጭል አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

«ከዚያ ያ ትልቅ ጥያቄ መጣ። የጭልፊት ሰዎች የሚጨቃጨቁበት ነገር ነው አሉ። አንዴ የያዟትን ወፍ ይዘው ይኑሩ ወይስ በየጊዜው ይለውጡ? ግማሹ ‹ያመነችህን፣ ጠባይህን ያወቀችውን፣ ስታፏጭ የምትመጣልህን ምን ቆርጦህ ትለቃለህ? አዲሷን ከሀ ሁ ልትጀምር ነው› ይላል። ግማሹ ደግሞ ‹የዱር ናት፤ አንድ ሁለት ዊንተር ካደነችልህ ይበቃሃል፤ ጸደይ ሲመጣ አወፍረህ ልቀቃት፣ አቻዋን ትፈልግ› ይላል። የኛ ሰው ይሄን ሲያወጣ ሲያወርድ ዓመት ፈጀ። ቴንክስጊቪንግ ለት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ወጡ እስኪረጋ ድረስ፣ ሁላችንንም ምክር ጠየቀን። ክፍሉን ሳይቀር። ክፍሉ ‹ትጣላላችሁ?› አለው። አንጣላም አለ። ‹ትወዳታለህ?› አለው። እወዳታለሁ አለ። ‹ታዲያ አግባት፣ ምን ይዞሃል?› አለው። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ክፍሉ ሲርበው ስለማን እንደሚወራ ይምታታበታል።

«ባለፈው መጋቢት ግን ቆረጠ። ፓርክ ወሰደን። ልብ ብለሽ ስሚኝ፣ ይሄ ደስ የሚለው ጋ ነው። የእግሯን ጠፍር በመቀስ ቆረጠላትና ከፍ አድርጎ ይዟት ንግግር አደረገ። እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ‹ወጣትነቷ እኔ እጅ ላይ እንዲያልቅ አልፈልግም። ጊዜዋ ሳያልፍ ጎጆ ትውጣ፣ ትውለድ፣ ትክበድ። ፍጥረትን ለራስ ደስታ አስሮ ዕድሜውን መብላት ነውር ነው› አለ። እንዲህ የሚናገር ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ደግሞ አለቀሰ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እሱንም እንባ አልገደደውም፣ የሚገደው ሌላ ሌላው ነው። አጠገቡ አንዲት የሠላሳ ስምንት ዓመት ልጅ የድርጭቱን ማቀዝቀዣ ሣጥን ተሸክማለት ቆማ ነበር። እሷም አለቀሰች፣ ያውም ከሱ ብሳ። እኛም ‹ወፊቱን እንዴት ብትወዳት ነው› ተባባልን። … እንዴት ብትወዳት ነው፣ አይደል?»

ንጉሡ ያን ፓርክ አስታወሰ። ያን ቀን ኤፍራታ ለልዕልት ያለቀሰች መስሎት አቅፏት ነበር፤ «አይዞሽ፣ ሌላ እንይዛለን» ብሏት ነበር። ንግግሩን ሲናገር አንዱንም ቃል አልዋሸም። ቃሉን ከሰው አፍ ሲሰማው ግን ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ያኔ ፓርኩ ውስጥ እንደቆሙት ሰዎች እሱም አሁን ተመልካች ሆኖ ራሱን አየና አፈረ።

ብድግ ብሎ መውጣት ፈለገ። ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ ጭልፊቷ ክንፏን ዘረጋች፤ የሰው ቁመት የሚያህለው መብራት ለትንሽ ተረፈ። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ኧረ ይረጋጉ አባባ፣ ምን ያስቸኩልዎታል? … ‹ሠርግ አስቦ አያውቅም ወይ?› ትይኝ ይሆናል። ያስባል እንጂ ውብዬ። ዕድል እምቢ ብሎት ነው። ጥር ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ በሚዳርበት ወር፣ አደኑ ይሞቃል፤ ጥንቸሉ በረዶ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በምን አንጀቱ ጥሎት ይሞሸር? አደኑ ሲያልቅ ሁዳዴ ይገባል፤ ሃይማኖተኛ ነው፣ በጾም ሠርግ አይደግስም። ፋሲካ ሲያልፍ ወፊቱ ላባዋን ትቀይራለች፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ብቻዋን አትተውም። ሰመር ሲያልቅ ለቀጣዩ አደን መዘጋጀት አለ። እና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥርና ሁዳዴ እየተቀባበሉት… ማንን ትወቅሻለሽ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? ይሄዳል። ቀድሞ ካልገማ።

«ዘንድሮ በሰመር ግን እጁ ባዶ ነበር። ወፍ የለ፣ አደን የለ፣ ጾም የለ። በሉ አሁን ነው ብለን ተቀመጥን። ክፍሉ ሱፉን ሊያስለቅቅ ልብስ ሰፊ ጋ ሄደ። ጭራሽ መንግሥትም ተዘጋና ሥራ የሚባለው ሰበብ ቀረ። ፈርሎ የወጣ ሰው አንዱ ቤቱን ቀለም ይቀባል፣ አንዱ ሲያፈጥ ይውላል። እሱ ግን ባዶ እጅ ሳይበርደው አልቀረም… ሌላ ያዘ። ወጣት ናት አሉ። አሮጊቷ ዕድሜዋ አሳዝኖት ተለቀቀች፣ ወጣቷ ተያዘች። ርኅራኄ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ከእኚህ እንግዳችን ጋር ትዛመድ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ መልካቸው ግን አንድ ነው።

«ሴቨን ኮርነርስ ያለውን ጎማ ቤት ታውቂው የለ? ላንቺማ ቅርብሽ ነው። አዎ፣ ባለቤቱ ገላው፣ ራሰ በራው። እሱስ ያሳዝነኛል፤ ምንም የማያውቅ ሰው። ወፍ አያውቅ፣ ዶሮ እንኳ ወጥ ሆኖ ካልቀረበለት ከቆቅ አይለየውም። ግንቦት ላይ የአንዲት ልጅ ጎማ ፈንድቶ ሠራላት። ቁልፉን ሲሰጣት ‹አግብተሻል?› አላት፣ እንዲህ ያለ ችኩል ነው። ቀለበቷን አሳየችው። ‹ሠርጉ መቼ ነው?› አላት። ልጅቷ ቁልፏን ተቀብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ያልሠለጠነ ሰው ጥያቄው ያስደነግጣል እኮ።

«ከዚያ መምሬ መርዕድን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌ ላከ። ላባ የሌላቸው፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው የቆሙ። የሰው እጮኛ ናት ብዬ መለስኳቸው። ተመልሰው መጡ። አሁንም መለስኳቸው፣ እኔ መቼም እምነት አላጎድልም። ባለፈው እሑድ ለሦስተኛ ጊዜ ከገላው ጋር መጡ። ልጅቷ ቤት ነበረች። በይ አንቺው ተናገሪ አልኳት። ‹ቀኑን ይንገሩኝ› አለች። ይሄ ጎማ ሠሪ ምን አለ መሰለሽ? … ‹ጥር ሃያ አንድ› አለ። ውብዬ፣ መቼ ሲባል ቀን የሚናገር ሰው እቤቴ ገብቶ አያውቅም ነበርና ደነገጥኩ። ‹ልጄ፣ ጥር ላይ አደን የለህም?› አልኩት። ‹የምን አደን?› አለኝ።»

ውቢት ልትስቅ ስትል ዓይኗ ሳታስበው ንጉሡ ላይ አረፈና ሳቁን ተወችው። ሰውየው ወለሉን ነው የሚያየው። መልሱን አሁን አውቆታል፤ ግን የሰማውን ሐሰት የሚያደርግለት አንድ ቃል እየጠበቀ ነው። የዓለምዘርፍም አየችው፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ አለ። ልጁን ትወደው ነበር፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ለኤፍራታ «ታገሺው» ስትል የኖረችው እሷው ናት፤ ያንገበገባትም ይሄው ነው።

«ያቺ የማውቃት ልጅ ዛሬ ጠዋት ቀለበቷን አውልቃ ሰጠችኝ። እያት እንግዲህ፣ ይቺት። እዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬያታለሁ፣ ባለቤቷ ሲመቸው ይወስዳታል። ‹ተጣላችሁ እንዴ?› ብላት ‹ኧረ አልተጣላንም አክስቴ› አለች። ‹አንጀቱ እንደማይችል ስለማውቅ ጠፍሩን እኔው ቆረጥኩለት። ዕድሜ መብላት ነውር ነው ያለው እሱ አይደለም?› አለች። ደግ ሰው ያስተማራት ልጅ እንዲህ ናት፤ የተነገራትን አትረሳም።»

ንጉሡ ግራ እጁ ቀለል ያለ መሰለው፤ ቀና ሲል ጭልፊቷ ላባዋን ነፋ አድርጋ አራገፈች። ከዚያ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች፤ ከጓንቱ ላይ ድርጭቱን በጥፍሯ ጨበጠችና ቦጨቀች። አንዴ ዋጠች፣ ደገመች። ቀንና ሌሊት የጠበቃት ጉርሻ ይቺ ነበረች። ይሄ ሲሆን ሰውየው በደስታ ይሰክራል ይባላል። ንጉሡ ዓይኑ ሞላ፣ መጥረጊያ ነጻ እጅ ግን አልነበረውም፤ ቀኙ ሥጋውን ይዟል። እየበላች ያለችን ጭልፊት ደግሞ እስክትጨርስ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው።

«ይኸው ቀመሱ! አየሽ ውብዬ? ሽማግሌ ከቀመሰ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። ቀስ ብለው ይብሉ አባባ፣ አንቸኩልም፣ እዚህ ቤት መቼ ተቸኩሎ ያውቃል። … በይ እንግዲህ እህል ከተቀመሰ ምርቃት ይገባል፤ ያን የማውቀውን ርኅሩኅ ሰው ልመርቅልሽ። እግዚአብሔር ደግነቱን ይቁጠርለት። የያዘውን ይባርክለት፣ የለቀቀውን ያሳርፍለት። ማንም አያስቸኩለው፣ ማንም ቀን አይጠይቀው። ለኤፍራታዬ ደግሞ ዓመት ሳይሞላት ወንድ ልጅ ያሳቅፋት። ያን ጊዜ ከሱ የቀረበ ሰው ከየት ይመጣል? ክርስትና የሚያነሳልን እሱ ይሁን። የገላውን ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ መቅደሱ ፊት ይቁም፤ እሱና እሷም እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሕግ እህትና ወንድም ተባብለው፣ በፍቅር፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው አበልጅ ሆነው ይኑሩ… አሜን በይ እንጂ ውብዬ።»